ባላስትና ፍሎረሰንት እንዴት ይጣመራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ያለቀለት መብራት ከሱቅ ገዝቶ ለሚሰቅል ሰው አይደለም። ቲዩቡን (ረጅሙን የፍሎረሰንት መስታወት) ከአንድ ቦታ፣ ባላስቱን ከሌላ ቦታ አምጥቶ በራሱ ልክ ባሠራው ሳጥን፣ መደርደሪያ ወይም ታፔላ ውስጥ ለሚገጥም ነው። ለገጣፎ በኩል ችግኝ የሚያፈሉ፣ ገላን ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ሱቅ ወይም ልብስ ስፌት የከፈቱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሽቦ መነካካት የማትደፍሩ ከሆነ አንብባችሁ ትክክለኛውን ዕቃ ግዙ፤ ገጠማውን ግን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት።

ባላስት ምን ይሠራል? ያለ እሱ አይበራም?

አይበራም፤ ቢበራም ለቅጽበት ነው። ተራው አምፖል ውስጥ ያለው ክር በጋለ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ስለሚቋቋም ራሱን በራሱ ይገድባል። ፍሎረሰንት የዚህ ተቃራኒ ነው። ውስጡ ያለው ጋዝና የሜርኩሪ ትነት አንዴ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ከጀመረ፣ ባሳለፈ ቁጥር መንገዱ እየሰፋ ይሄዳል። የሚገታው ከሌለ በሰከንድ ክፋይ ውስጥ ወይ ቲዩቡ ይቃጠላል ወይ ብሬከሩ ይወርዳል። ባላስት ለዚህ ፈረስ ልጓም ነው፤ የሚያልፈውን አምፔር በልኩ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ቲዩቡን የሚያስነሳውን ከፍተኛ ቮልት በመፍጠሩም ሥራ እጁ አለበት።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከባዱ የብረት ባላስት ነው፤ በብረት ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ሲሆን ከስታርተር (ቲዩቡን ከሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) ጋር ይሠራል። ሌላው ቀላሉና ረዘም ያለው ኤሌክትሮኒክ ባላስት ነው፤ ስታርተር አይፈልግም፣ ከቲዩቡ ሁለት ጫፎች ጋር የሚገናኙ ብዙ ሽቦዎች አሉት።

ቲዩቡ በርዝመትም በእግሩም ልክ ገብቷል። ታዲያ ባላስቱ ለምን አይሆነውም?

ከሁሉም በላይ የሚመላለስብኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ርዝመትና እግር የሚነግሯችሁ ቲዩቡ ሆልደሩ (ጫፎቹ የሚሰኩበት መያዣ) ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን ብቻ ነው። ከባላስቱ ጋር የሚያስማማው አምፔሩ ነው።

ቀጭኑን ቲ5 እንይ። 28 ዋት ቲ5 ርዝመቱ 1149 ሚሊሜትር ነው። 54 ዋት ቲ5ም 1149 ሚሊሜትር ነው። ውፍረታቸው አንድ ነው፣ 16 ሚሊሜትር፤ እግራቸውም አንድ ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መስታወቱ ላይ የታተመውን ሳያነቡ መለየት አይቻልም። ነገር ግን 28 ዋቱ የሚፈልገው 170 ሚሊአምፔር ሲሆን 54 ዋቱ 460 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። 28 ዋቱን በ54 ዋት ባላስት ላይ ስትሰኩት ባላስቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይለቅበታል። ደንበኛው መጀመሪያ «እንዴት ያለ ብርሃን ነው!» ብሎ ይደሰታል። ትንሽ ቆይቶ ግን ጫፎቹ ይጠቁራሉ፣ ቲዩቡም ያለ ዕድሜው ይሄዳል። በተገላቢጦሽ 54ቱን በ28 ባላስት ላይ ብታስሩት ደብዝዞ ይበራል ወይም እየተንቀጠቀጠ ይቀራል፤ ጫፎቹ በቂ ሙቀት ስለማያገኙ እሱም ቶሎ ያረጃል። 24 ዋትና 14 ዋት (ሁለቱም 549 ሚሊሜትር)፣ 39 ዋትና 21 ዋት (ሁለቱም 849 ሚሊሜትር) ላይም ያው ወጥመድ አለ። 1449 ሚሊሜትር ላይማ 35፣ 49 እና 80 ዋት ሦስቱም ይገናኛሉ።

ወፈር ባለው ቲ8 (26 ሚሊሜትር) ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጡት 18 ዋት፣ 36 ዋትና 58 ዋት በርዝመት ስለሚለያዩ ነው፦ 60 ሳንቲሜትር፣ 1 ሜትር ከ20 እና 1 ሜትር ከ50። እዚህም ግን አንድ ሰርጎ ገብ አለ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር ከሚመጣ ዕቃ ጋር የሚገባው 32 ዋት ቲ8 ርዝመቱም እግሩም ከ36ቱ ጋር አንድ ነው። እሱ የተሠራው ለ265 ሚሊአምፔር ነው፤ የኛ የብረት ባላስት የሚለቀው 430 ነው።

አንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ባላስቶች የተሰካባቸውን ቲዩብ ራሳቸው ለይተው አምፔሩን ያስተካክላሉ። እነዚህ መለያቸው ላይ ብዙ ዋቶች ተደርድረው ይታያሉ። ያልተዘረዘረ ዋት ግን አልተፈቀደም ማለት ነው፤ «ይቻል ይሆናል» ብሎ መሞከር ቲዩብ መጨረስ ነው።

ባላስቱ ላይ የተለጠፈውን እንዴት ላንብበው?

የአንድ ተራ የ36 ዋት የብረት ባላስት መለያ በእጃችሁ ይዛችኋል እንበል። መጀመሪያ ቮልቱን ፈልጉ፦ 220 ወይም 230፣ አጠገቡ 50 ኸርዝ። ቀጥሎ ዋቱ ይመጣል፦ «1×36» አንዳንዴም ከሥሩ «2×18»፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት አጫጭር ቲዩብ በተከታታይ መሸከም ይችላል። ከዚያ አምፔሩ፦ 0.43። ዕቃውን የምትመርጡት በዚህ ቁጥር ነው፤ ሻጩ የቀረውን ቢስተው እንኳ ይህን አታሳልፉት። አጠገቡ ላምዳ የምትባል የግሪክ ፊደል ከ0.50 አካባቢ ቁጥር ጋር ትገኛለች፤ ባላስቱ ያለ ካፓሲተር (ከመስመሩ የሚሳበውን አምፔር የሚቀንስ ዕቃ) ለዋቱ ከሚበቃው እጥፍ ያህል አምፔር እንደሚስብ ትነግራችኋለች። «ቲ ደብሊው 130» ካለ ሽቦው እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ለዓመታት እንዲቋቋም ተሠርቷል ማለት ነው። ባላስት ቢግል አትደንግጡ የምለው በዚህ የተነሳ ነው።

ኤሌክትሮኒኩ ላይ ከዋቱ ሌላ አንድ ትንሽ ሥዕል አለ፤ የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው ጫፍ እንደሚሄድ ያሳያል። ይህ ሥዕል ከአንዱ ባላስት ወደ ሌላው ይለያያል። ባለ 7 ሽቦውን በባለ 8 ሽቦው ልምድ ማሰር የለባችሁም። «ቲ ሲ» የሚል ነጥብም ይኖረዋል፤ ባላስቱ ገላ ላይ ያለችው ያቺ ነጥብ ከተጻፈው ሙቀት፣ ለምሳሌ ከ70 ዲግሪ፣ ማለፍ የለባትም።

ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁና መለያው ላይ ዋት እንጂ አምፔርም ሥዕልም ከሌለ፣ ባትገዙት ይሻላል። ርካሽ ቢሆንም።

በአንድ የ36 ባላስት ሁለት 18 ዋት ማብራት ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

በብረት ባላስት እውነት ነው፤ በየታፔላው ሳጥን ውስጥ የሚሠራበት ዘዴ ነው። አንዱ 18 ዋት ቲዩብ ሲበራ የሚይዘው ቮልት 57 ያህል ነው፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲታሰሩ 114 ይሆናሉ። አንዱ 36 ዋት ደግሞ 103 ይይዛል። ስለዚህ ባላስቱ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም።

የሚበላሸው ስታርተሩ ላይ ነው። ሁለቱ ቲዩቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስታርተር ያስፈልጋቸዋል፣ ሁለቱም ስታርተሮች ደግሞ «ኤስ2» መሆን አለባቸው፤ ከ4 እስከ 22 ዋት ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ተራው «ኤስ10»፣ ከ4 እስከ 65 ዋት የሚለው፣ ለነጠላ ቲዩብ የተሠራ ስለሆነ የ220ውን አብዛኛውን ካላገኘ አይነሳም፤ በተከታታይ ሲታሰር የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። በተቃራኒው ኤስ2ን ለነጠላ 36 ዋት ብትጠቀሙበት ቲዩቡ ከበራ በኋላም 103 ቮልቱን አይቶ ደጋግሞ ሊነሳ ይሞክራል፤ መብራቱም ሲንጨላጨል ያመሻል። አንዱ ቲዩብ ከሞተ ሁለቱም እንደሚጠፉም አስቀድማችሁ እወቁ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲቀጥል የምትፈልጉ ከሆነ ለእያንዳንዱ የ18 ባላስት መግዛት ነው።

የቲዩቡ ሁለት ጫፎች ብርቱካናማ ሆነው ቀሩ፣ መሐሉ አይበራም። ባላስቱ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ስታርተሩ ነው። ስታርተር ውስጥ ያለችው ቅጠል በሙቀት ታጥፋ ገጥማ ጫፎቹን ታግላለች፣ ከዚያ ስትላቀቅ ባላስቱ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይረጫል፤ ቲዩቡን የሚያስነሳው ያ ነው። ቅጠሏ ተጣብቃ ከቀረች ወይም አጠገቧ ያለችው ትንሿ ካፓሲተር ከተበላሸች ጫፎቹ መጋላቸውን አያቆሙም። መብራቱ እንደበራ ስታርተሩን በላስቲኩ ይዛችሁ በሩብ ዙር አዙራችሁ አውጡት። ቲዩቡ ያኔ ከበራ ጥፋተኛው ተገኘ። ካልበራ የቲዩቡን ጫፎች እዩ፤ ጥቁር ከሆኑ ዕድሜው አልቋል።

ባላስቱን ለመፈተሽ ከሆነ መብራቱን ከብሬከር አጥፍታችሁ በመልቲሜትር ኦሙን ለኩ። ደህናው የ36 ባላስት በአሥሮች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ተገናኝቷል፣ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። የቲዩቡ ጫፍ ደግሞ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ጥቂት ኦም ብቻ ሊያሳይ ይገባል። ባላስቱ ተገናኝቶ ከሆነ አዲስ ቲዩብ አትሰኩበት፤ እሱንም ያቃጥለዋል።

ቀን በደንብ ይበራል፣ ምሽት ላይ ግን እምቢ ይላል። ምን ላድርግ?

ይህ የዳር ሰፈር ጥያቄ ነው፤ መሐል ከተማ ብዙም አይጠይቁኝም። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በረጅም መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት፣ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚጥድበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ 220 ሳይሆን ከ190 በታች ሊያይ ይችላል። መልቲሜትር ካላችሁ በዚያ ሰዓት ሶኬቱን ለኩት፤ ግምት አያስፈልግም።

ስታርተር ያለው መብራት 180 ቮልት አካባቢ ሲደርስ መነሳት ያቅተዋል። ብልጭ ድርግም እያለ በሞከረ ቁጥር ጫፎቹ ላይ ያለው ሽፋን ይረገፋል። ማታ ማታ ለግማሽ ሰዓት ሲብለጨለጭ የሚተው ቲዩብ በጥቂት ወራት የሚያልቀው በዚህ ነው። ሰዎች «የቻይና ቲዩብ ስለሆነ ነው» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ቲዩቡ በሐሰት ተከሷል።

እንዲህ ባለ መስመር ላይ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ይሻላል፣ ግን ሁሉም አይደለም። መለያው ላይ ሰፊ የቮልት ክልል የተጻፈበትን፣ ታችኛው ቁጥሩም ምሽት ላይ ከለካችሁት ያነሰውን ምረጡ። ጥሩዎቹ ቮልቱ ሲወርድ አምፔር ጨምረው ስለሚስቡ የቲዩቡ ብርሃን አይለወጥም። ርካሾቹ አብረው ይደበዝዛሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው የቮልት ዝላይም አያመልጡም። መብራት በተመላለሰ ቁጥር ባላስት የሚቃጠልባችሁ ከሆነ የብረቱ እንደሚጸና መካድ አይቻልም፤ እሱ ውስጡ ከሽቦና ከብረት ሌላ የሚቃጠል ነገር የለውም። ውሳኔው እንግዲህ የሰፈራችሁ ችግር ዝቅ ማለት ነው ወይስ መዝለል በሚለው ላይ ይወሰናል።

በፍጆታስ የትኛው ያዋጣል?

ኤሌክትሮኒኩ። የብረቱ ባላስት ለ36 ዋት ቲዩብ በራሱ ላይ 9 ዋት ያህል በሙቀት ያጠፋል፤ ቆጣሪው 45 ያህል ይቆጥራል። ኤሌክትሮኒኩ ቲዩቡን ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ስለሚያነዳው 32 ዋት ላይ ያንኑ ብርሃን ይሰጣል፣ ከነራሱ 36 ዋት ቢስብ ነው። አራት ቲዩብ ላለው ሱቅ ልዩነቱ 36 ዋት ይሆናል፤ በቀን 10 ሰዓት ለሚያበራ በወር ከ10 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ለሥራ ቤት ግን ከፍጆታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በብረት ባላስት የሚበራ ቲዩብ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ዓይን አያስተውለውም፤ ነገር ግን የሚሽከረከር የመጋዝ ምላጭ ወይም የቶርኖ ቻክ ፍጥነቱ ከዚህ ጋር ሲገጣጠም የቆመ ወይም በዝግታ የሚዞር ይመስላል። እጅ የሚቆረጠው እንዲህ ሲመስል ነው። ገላንና ዱከም አካባቢ ለእንጨትና ለብረት ሥራ ቤት መብራት ስትሠሩ ከማሽኑ በላይ ያለውን በኤሌክትሮኒክ ባላስት አድርጉት።

ለችግኝ መደርደሪያ አራት ፎቅ፣ በያንዳንዱ ሁለት 54 ዋት ቲ5 ላደርግ ነው። ምን ልግዛ?

ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ «2×54» ኤሌክትሮኒክ ባላስት። ከነባላስቱ በፎቅ 118 ዋት፣ በድምሩ 470 ዋት አካባቢ ይሆናል። በቀን 14 ሰዓት ካበራችሁ ከስድስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ቆጣሪውን አስቡት። ለቃሪያ፣ ለቲማቲምና ለጎመን ችግኝ ይህን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ያንኑ ርዝመት በ28 ዋት፣ በ«2×28» ባላስት ብትሠሩት ፎቁ 63 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ቲዩቡን ከቅጠሉ በላይ 10 ወይም 15 ሳንቲሜትር አውርዱት፣ ተክሉ ሲያድግ በሰንሰለት ከፍ አድርጉት። ፍሎረሰንት ቅጠል አጠገብ ሲሆን አያቃጥልም፤ በዚህ ረገድ ከሌላው መብራት የሚመረጥበት ነው።

የቲዩቡ ቀለም ላይ «865» ካያችሁ የመጀመሪያው 8 ቀለም የማሳየት ጥራቱን፣ 65ቱ 6500 ኬልቪን መሆኑን ይናገራል፤ ነጣ ያለው ነው፤ ለቅጠል ዕድገት ጥሩ ነው። «830» ቢጫ ያዘለ ነው። ባላስቱ ስለ ቀለም ግድ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ኤሌክትሮኒክ ባላስቶች በአንድ ማብሪያ ሲነሱ ለቅጽበት ብዙ አምፔር ይስባሉ። አራት ችግር የለውም። አሥራ አምስት በአንድ ቀጭን ብሬከር ላይ ከሆነ ግን ሲበራ ሊጥል ስለሚችል ሁለት መስመር አድርጉት።

ባላስቱን ከመብራቱ አርቄ በሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ እችላለሁ?

የብረቱን አዎ፤ ከቲዩቡ ሜትሮች ርቆ ቢቀመጥ አያስተጓጉለውም። ሲጮህ የሚረብሽ ከሆነ እንዲያውም ከግድግዳው ማዶ ቢሆን ይመረጣል። ሳጥኑ ቆርቆሮ ይሁን፣ አየር ይኑረው፣ እንጨት ላይ በቀጥታ አትቸንክሩት።

ኤሌክትሮኒኩ ላይ ግን ገደብ አለ። ከባላስት ወደ ቲዩብ በሚሄደው ሽቦ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ድግግሞሽ በረጅም ሽቦ ላይ ይባክናል፤ ቲዩቡ በአንድ ጫፍ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይነሳም። መለያው ላይ አንዳንድ ሽቦዎች በኮከብ ወይም በሌላ ምልክት ተለይተው «አጭር ይሁኑ» ይባላል፤ ለብዙዎቹ ገደቡ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ነው። እነዚህን ሽቦዎች ከዋናው የ220 መስመር ጋር በአንድ ላይ አትጠፍሯቸው፣ ራዲዮን የሚያስጮኸውም ይኸው ነው። ከቲዩቡ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ የመሬት ሽቦ ይኑረው። ለደኅንነት ብቻ መስሏችሁ ብዙዎቻችሁ ትዘሉታላችሁ፤ ቲዩቡ በቀላሉ እንዲነሳም የሚያግዘው እሱ ነው። የፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ «አንዳንዴ ይበራል አንዳንዴ አይበራም» የሚባለው መብራት በአንድ ብጣሽ የተመሬተ ቆርቆሮ ሲድን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ ባላስትና መብራት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

መለያው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ በኛ 220 ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያጨሳል። ትራንስፎርመር ቢገዛለትም የብረቱ ዓይነት ለ60 ኸርዝ ስለተሠራ በ50 ላይ ከልኩ በላይ ይግላል። «ከ120 እስከ 277» የሚለው ኤሌክትሮኒክ ባላስት፣ 50 ኸርዝንም ከጠቀሰ፣ ይሠራል። ያኔ ግን 32 ዋቱን አሜሪካዊ ቲዩብ አብራችሁ ፈልጉ፤ አንድ ቀን ያ ቲዩብ ሲሞት መርካቶ ላይ በቀላሉ አታገኙትም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሆልደሮች ደግሞ ሁለቱን ቀዳዳዎች በውስጥ ያገናኛሉ፤ በኛ ስታርተር ባለው አሠራር ላይ ብትጠቀሙባቸው ጫፎቹ አይግሉም። እኔ አልገዛም።

ያረጀው ወፍራም 40 ዋት ሞተ። በ36ቱ ልተካው?

በ220 ቮልት የብረት ባላስትና በስታርተር ከሆነ ይቻላል፤ 36ቱ ሲሠራ የታሰበውም ለዚህ ነበር። ወፍራሙን 40 ለ36 በተሠራ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ ማድረግ ግን አይሆንም።

በሶላር ኢንቨርተር ላይ ይሠራል?

ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱም ይሠራሉ። ርካሹና ባለ አራት ማዕዘን ሞገዱ ከሆነ፣ የብረት ባላስት ካላችሁና አጠገቡ የ4 ማይክሮፋራድ ተኩል ካፓሲተር ታስሮ ከሆነ፣ ካፓሲተሩን አውጡት። እንዲህ ባለ ሞገድ ላይ ካፓሲተሩ ሹል የሆነ አምፔር እየሳበ ኢንቨርተሩን ያስጨንቀዋል፣ ራሱም ይግላል። ካፓሲተር ከተነሳ በኋላ ደግሞ ነጠላው 36 ዋት 0.43 አምፔር ስለሚስብ፣ ኢንቨርተሩን የምትመርጡት በዋቱ ብቻ ሳይሆን በቪኤው (ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ) ነው፦ ለአንድ ቲዩብ 95 ያህል።

ሱሉልታ ላይ ጠዋት ጠዋት ይደበዝዛል። ባላስቱ ነው?

ብርዱ ነው። ቲ8 ሙሉ ብርሃኑን የሚሰጠው አካባቢው 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ ቲ5 ደግሞ 35 ላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ክፍት በረንዳ ላይ የተሰቀለ ቲ5 ስለዚህ ይሰንፋል። ቲ5ን ለተዘጋ ሳጥን፣ ቲ8ን ለክፍት ቦታ አድርጉ።

በባላስቱ ላይ ኤልኢዲ ቲዩብ ብሰካስ?

ኤልኢዲ ቲዩቡ ላይ ያለውን አንብቡ። አንዳንዱ የብረት ባላስቱን ሳትነኩ፣ ስታርተሩን አብሮት በሚመጣው የማስመሰያ ስታርተር ብቻ ተክታችሁ ይሠራል። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ካለ ግን ለሱ ተብሎ ያልተሠራ ኤልኢዲ አትስኩበት፤ ባላስቱን አውጥታችሁ 220ውን ቲዩቡ በሚፈልገው ጫፍ ላይ እሰሩ፤ አንዳንዱ በአንድ ጫፍ፣ አንዳንዱ በሁለቱም ይወስዳል። ከዚህ በኋላ መብራቱ ላይ «ባላስት የለውም፣ ፍሎረሰንት አይሰካበት» ብላችሁ ጻፉበት። ነገ የሚመጣው ሰው አያውቅምና።

ከባዶ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ኤልኢዲ ግዛ ነው የምለው። ፍሎረሰንት የሚያዋጣው ሳጥኑ፣ ባላስቱና ቲዩቡ በእጁ ላለ ሰው ነው። ደግሞም ገበያው እየተዘጋ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ቲ5ንና ቲ8ን ለአጠቃላይ መብራት ገበያ ላይ ማዋልን ከልክሏል፤ ስለ ሜርኩሪ የወጣው የሚናማታ ስምምነት አባል አገራትም በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ እነዚህን ቲዩቦች ማምረትና መነገድ እስከ 2027 መጨረሻ እንዲቀር ወስነዋል። ቲዩቡ የሚገኝበት ዋጋ ወደፊት እንደሚወደድ ገምታችሁ ግዙ።

ጥርት ያለ፣ ነጭ ሽፋን የሌለው ቲዩብ አገኘሁ። ከ36 ባላስቴ ጋር ይገጥማል። ልስቀለው?

በፍጹም። ያ ለጀርም መግደያ የሚሠራ የዩቪሲ ቲዩብ ነው። ተራው ቲዩብ ውስጥም ይኸው ጨረር አለ፤ ነጩ ዱቄት ይዞ ወደ ብርሃን ስለሚለውጠው ነው የማይጎዳን። ጥርት ያለው ላይ ያ ዱቄት የለም፤ መስታወቱም ጨረሩን እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ባላስቱ ልዩነቱን አያውቅም፣ ያበራዋል። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ሰዓታት ቆይቶ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል፣ ቆዳው ይለበልበዋል።

ቲዩብ ቢሰበር፣ ባላስት ቢያፈስስ?

ቲዩቡ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። ሰዎቹንና ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አናፍሱት። በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ በቫክዩም አትሳቡት፤ ሁለቱም ዱቄቱን ያስነሱታል። በጠንካራ ካርቶን ሰብስባችሁ፣ የቀረውን በማጣበቂያ ፕላስተር አንስታችሁ፣ መሬቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉበት። ጥቁር ቅጥራን የሚያንጠባጥብ አሮጌ ባላስት ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ በባዶ እጅ አትያዙት። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወይም ከዚያ በፊት ከተሠሩት ውስጥ ካፓሲተራቸው መርዛማ ዘይት የያዘ ይገኝበታል፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከቤት አርቁት እንጂ መዳቡን ለማውጣት እሳት ውስጥ አትጣሉት።